ማይኳ የት ትቀመጥ

ከሚሴ ውስጥ ማይክ ባፏጨ ቁጥር ሰው ዘወር ብሎ የሚፈልገው እኔን ነው። ሠርግም ይሁን ስብሰባ፣ የትምህርት ቤት ምረቃም ይሁን፣ ደህና ሲሰማ ማንም አያየኝም፤ ፉጨቱ ሲነሳ ግን አዳራሽ ሙሉ አንገት ወደኔ ይዞራል። ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ ይሄ ነገር ይሰለቸኝ ጀምሯል። ወገቤ ስፒከር በመሸከም አልቋል፤ ግራ ጆሮዬ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ሲል የራሱን ትንኝ ያሰማኛል። ባለቤቴ "አሁንስ በቃህ፣ ሱቁን እንያዝ" ትለኛለች። እኔም በየዓመቱ እተወዋለሁ፤ በየዓመቱም አንዱ መጥቶ ይጎትተኛል።

ያን ጊዜ የጎተተኝ የባህል ቡድኑ አዘጋጅ ነው። ቲያትር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ሲናገር እጁ አያርፍም። ሙዚቃዊ ተውኔት ልሥራ ብሎ ተነሳ። ታሪኩ ሰንበቴ ገበያ ላይ ነው፦ ወደ ቆላ ወርዶ የቀረ ወንድሟን ከብት ነጋዴውን ሁሉ እያስቆመች የምትጠይቅ ልጅ። ንግግሩም ዘፈኑም አማርኛና ኦሮምኛ የተቀላቀለ ነው፤ ልክ ቤታችን እንደምናወራው። ጥሩ ነገር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ግን "ጋሼ፣ ተዋናዮቹ እየጨፈሩ፣ እየሮጡ፣ እየዘፈኑ ነው የሚጫወቱት" ሲለኝ ገና ከወንበሬ ሳልነሳ ደከመኝ።

እስከዚያ ድረስ ቲያትር ማለት ለኔ ሁለት ማይክ ከመድረኩ ፊት ተክሎ አላህን መለመን ነበር። ተዋናዩ ሲጠጋ ይጮኻል፣ ሲርቅ ይጠፋል፣ ዞሮ ከተናገረ ደግሞ የሚሰማው መጋረጃው ነው። አሁን ግን ከደሴ በውሰት ገመድ አልባ ማይኮች መጡ። ጫፋቸው የስንዴ ፍሬ ታክላለች፤ ቀጭን ሽቦ አላቸው፣ ሽቦው ወገብ ላይ ከምትታሰር ትንሽ ማሰራጫ ጋር ይገናኛል። ገላ ላይ ተለጥፈው ሰውዬው በሄደበት ይሄዳሉ። ሲያዩዋቸው ቀላል ናቸው። ሥራው ያለው የት ላይ ይለጠፉ የሚለው ላይ ነው።

መሪ ተዋናይዋ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ነች። ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያ ስታባዛ ትውልና ከሥራ ስትወጣ ወደ አዳራሹ ትመጣለች። ድምጿ መሃል ላይ ትንሽ ሻከር ይላል፤ ሰውን የሚይዘውም እዚያ ሻካራው ላይ ነው። አባቷ በአካባቢው የታወቁ መንዙማ አውጪ ሼኽ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዓይናቸው ጠፍቷል። ልጃቸው መድረክ ላይ መውጣቷን አልወደዱትም፤ አልከለከሉምም። አክስቷ አብራት ትሁን፣ ልምምዱንም ትጨርስ አሉ። የመጀመሪያው ቀን ራሳቸው መጥተው ሊሰሟት፣ ሰምተው ይሁን ካሉ ልትቀጥል፣ አይሆንም ካሉ እዚያው ሊያበቃ ቃል ተገባ። ቡድኑ ከከሚሴ ቀጥሎ ሰንበቴ፣ ከዚያ ባቲ፣ ከቀናን ደሴ ድረስ ሊሄድ ነበር፤ ለልጅቷ ግን መንገዱ ሁሉ አባቷ አፍ ላይ ነው ያለው።

እኔ ሼኹን አውቃቸዋለሁ። አንድ ዓመት መውሊድ ላይ ማይክ አቅርቤላቸው በመዳፋቸው ገፋ አድርገው "ይሄን ከፊቴ አንሳልኝ" ብለውኛል። ቁጣ አልነበረበትም፣ ዝንብ እንደማባረር ነው። ከዚያ ያለ ምንም ነገር ጀመሩ፤ ድንኳኑም ውጭ ያለው ሰውም ተቀበላቸው፤ እኔም ዕቃዬ መሃል ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ።

ልጅቷ በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ሁሉም ከሄደ በኋላ ድምፅ የማስተካክልበት ሚክሰር አጠገብ መጥታ ቆመች። ሻሿን እያስተካከለች፣ መሬት መሬት እያየች፣ "ጋሼ" አለችኝ፣ "አባቴ አሁን የሚያውቁኝ በድምፄ ብቻ ነው። የሌላ ሰው ድምፅ እንዳያደርጉኝ።"

"አብሽሪ" አልኳት። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለወንዶቹ ማይክ መምረጥ አያስቸግርም። ከብት ነጋዴ ሆኖ የሚጫወተው ጥምጥም አለው፤ ጥምጥም ለማይክ የተፈጠረ ነገር ነው፣ ጫፏን ከግንባሩ በላይ አሾልኬ አወጣሁለት፣ አለቀ። ፂም ያለውን ከጆሮው ሥር ደበቅኩለት። የእሷ ነው አልገባ ያለኝ። ደረቷ ላይ እንዳላደርግ አንገቷ ሙሉ ጨሌና ዶቃ ነው፤ በተራመደች ቁጥር ገብስ ጣሳ ውስጥ የሚንጓለል ይመስላል። ደግሞ ራሷን ወደ ጎን ስታዞር ደረቷ አይዞርም፤ ግማሹ ቃል ሜዳ ላይ ይቀራል። ግንባር ላይ፣ ከፀጉሩ መነሻ፣ ከሁሉም የተሻለ ቦታ ነው፤ ራስ ሲዞር አብራ ትዞራለች፣ ድምፁም ሳይታፈን ይደርሳታል። ግን ሻሽ አለ። ጨርቅ ማይክ ላይ ሲሻሽ በስፒከር ምን እንደሚመስል ያልሰማ ሰው አያውቀውም። ጉንጭ ላይ፣ ከአፍ ጎን፣ በቀጭን ዘንግ የምትቀመጥም አለች። እሷ በደንብ ትሰማለች፤ ችግሯ ሰውም በደንብ ያያታል።

"ጋሼ፣ ጉንጭ ላይ አይሆንም" አለ አዘጋጁ። "የገበያ ልጅ ነች እኮ። ማይክ ከታየ ኳስ ጨዋታ እንደሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ነው የምትሆነው።"

"ግንባሯ ላይ እንሞክራ" አልኩ። ለመከራከር ጉልበት አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ ማን ይለጥፍላት። እጄን የሰው ልጅ፣ ያውም የሼኽ ልጅ ራስ ላይ ማሳረፍ አይታሰብም፤ ይህን የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ሥራው በአክስቷ ላይ ወደቀ። የሼኹ ታናሽ እህት ነች፣ በኔ ዕድሜ፣ ወፈር ያለች፣ ባቲ ገበያ ላይ ቅመም ስትነግድ የኖረች፣ ማንንም የማትፈራ ሴት። ዘዴያችን እንዲህ ሆነ፦ እኔ ፕላስተሩን የራሴ ግንባር ላይ እለጥፋለሁ፣ እሷ እኔን እያየች ልጅቷ ላይ ትለጥፋለች። ፊት ለፊቴ ስለምትቆም ግን የኔ ቀኝ ለእሷ ግራ ይሆንባታል። "ወደ ቀኝ" ስላት ወደ ግራ፣ "ወደ ግራ" ስላት ወደ ቀኝ ትወስደዋለች፤ መጨረሻ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼያት ከኋላዬ እየተንጠራራች ማየት ጀመረች።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ያህል ዘመን ሠርተህ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አጣህ?" አለችኝ።

"ካንቺ ጋር ነው የጠፋብኝ።"

"ቶሌ፣ እሺ፣ ዙር።"

አንድ ቀን ፕላስተሩን ፊቴ ላይ ረስቼ ወጣሁ። የባጃጁ ሹፌር በመስታወት ሲያየኝ ቆይቶ "ጋሼ፣ ምን መታዎት?" አለኝ። የማይክ አለጣጠፍ ሳሳይ ነው ብለው ማን ይረዳኛል፣ በር መታኝ አልኩት።

ሻሹን አክስቷ መፍትሔ አገኘችለት። ፊት ለፊት ያለውን ጠርዝ በመርፌ ጠቅጥቃ አጠነከረችው፣ ጨርቁ ማይኳን እንዳይነካት። መሻሸቱ ቀነሰ። ከዚያ ሞገዱ አስቸገረ። አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ወንድሟን የምትጣራበት ቦታ ላይ አፏን ስትከፍት ከስፒከራችን "የሙሽራው ወገን ወደ ውስጥ ይለፍልን" የሚል የወንድ ድምፅ ወጣ። ከአዳራሹ ጀርባ ሠርግ ድንኳን ተጥሎ ኖሮ የእነሱ ገመድ አልባ ማይክና የኛው በአንድ ሞገድ ላይ ተገናኝተዋል። ተዋናዮቹ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም። የዕለቱ ዕለት ይህ ቢሆንስ፣ ሼኹ ልጃቸውን ሲጠብቁ የሠርግ አስተናጋጅ ቢሰሙስ እያልኩ ሞገዱን ስቀያይር ዋልኩ።

ሙሉ ልብስ የሚለበስበት ልምምድ ደረሰ። መብራቶቹ ሁሉ በሩ፤ የከሚሴ ሙቀት በቆርቆሮው ላይ፣ የመብራቱ ሙቀት ከሥሩ። መጀመሪያ ላይ ድምጿ እንደ ውሃ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ደብዘዝ አለ። ሦስተኛው ላይ ጋቢ ተከናንባ የምትዘፍን መሰለች። ባትሪ ቀየርኩ፣ ያው ነው። መቀበያውን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ አዘጋጁ ከመድረኩ ሥር ሆኖ እጁን ያወናጭፍብኛል። በመጨረሻ ልምምዱ ቆሞ አክስቷ ሻሹን ገለጥ አደረገችና ማይኳን በጣቷ ያዝ አድርጋ አሸተተቻት።

"ቅቤ ነው" አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

"ምን ቅቤ?"

"ራሷን ቀብቻት ነዋ። ልጅቷ ሰው ፊት ልትቆም በደረቅ ራስ ትሂድ?"

እውነቷን ነው፤ እኛ ዘንድ ልጅ ለትልቅ ቀን ስትወጣ ራሷ በቅቤ ይታሻል፣ እናቷ ብትኖር እሷም ያንኑ ታደርግ ነበር። መብራቱ ሲያተኩስ ቅቤው ቀለጠ፣ በግንባሯ ወረደ፣ መርፌ ቀዳዳ የምታክለውን የማይኳን ቀዳዳ ደፈነ። ስንት መመሪያ አንብቤያለሁ፣ ላብን ተጠንቀቁ ይላል፣ ዝናብን ተጠንቀቁ ይላል፤ ቅቤ የሚል የትም አላየሁም። ማይኳን በአልኮል አጥቤ ጥላ ውስጥ አደረቅኳት። ዳነች፣ ግን ከዚያ ወዲያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነበር የምትናገረው፤ ያንን የልጅቷን ሻካራ ትውጠዋለች። የሌላ ሰው ድምፅ እንዳያደርጉኝ ያለችኝ ትዝ አለኝና ተናደድኩ፤ በማን ላይ እንደምናደድ ስለማላውቅ ሽቦ ስጠቀልል ቆየሁ።

ቅቤውን ተዉት ማለት እችል ነበር። አክስቷ ፊት ቆሜ ያንን ለማለት ግን አቅሙ አልነበረኝም፤ ደግሞም ልጅቷ ቅቤ ተቀብታ ስትመጣ አቋሟ ሌላ ነው፣ ቀና ትላለች። ስለዚህ ወደ ጉንጭ ተመለስን። አዘጋጁ ሁለቱንም ማይክ በተራ ሰማና ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ይታይ በቃ" አለ፣ ሰው እንደሞተበት ዓይነት። የሽቦው ቀለም የፈረንጅ ቆዳ ነው፤ በጠይሟ ጉንጭ ላይ እንደ ጠባሳ ፈጠጠ። ይህንንም አክስቷ ናት የጨረሰችው። ነጩን የጨርቅ ፕላስተር ሂና ውስጥ ነክራ አሳድራ አመጣችው፤ በቀጭኑ ቆርጣ ሽቦውን ከላይ እስከ ታች ስትሸፍነው ከሦስተኛው ወንበር ወዲያ ማንም አያየውም። ያን ቀን ድምጿ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ትንፋሿ፣ ሻካራው፣ ቃል ከመጀመሯ በፊት ከንፈሯ ሲላቀቅ እንኳ ይሰማል። ደክሞኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር።

ትርዒቱ ከአስር ሶላት በኋላ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት ላይ የተንጠለጠለ አለ። ሼኹን አክስቷ በባጃጅ አምጥታ በእጃቸው ይዛ አስገባቻቸው። ሰው ሁሉ ተነሳላቸው። ሄጄ ሰላም አልኳቸው፣ "አካም ጅርቱ አባባ?"

"አልሃምዱሊላህ፣ ነጋዻ፣ ሰላም ነው" አሉ እጄን እንደያዙ። "ዕቃውን የያዝከው አንተ ነህ አሉኝ።"

"እኔ ነኝ።"

"ልጄን ልሰማት ነው የመጣሁት።"

"ይሰሟታል፣ ኢንሻአላህ" አልኩ። ወደ ሚክሰሬ ተመለስኩ።

አስተናጋጆቹ አክብረው ከሁሉ ፊት፣ በቀኝ ጥግ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት የክብር ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ማንም ክፉ አላሰበም። አክስቷ ማይኩን ልትለጥፍ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄደች፤ እኔም ከአዳራሹ መጨረሻ ሆኜ ነጩን ቆባቸውን እያየሁ ጀመርን።

ሁሉም ነገር ደህና ሄደ። ጥምጥም ለባሹ ተሰማ፣ ሞገዱ አልተጋጨም፣ መብራት አልጠፋም። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ በኦሮምኛው ቦታ ላይ አብሮ ተቀበለ። ከዚያ ልጅቷ ብቻዋን የምትቀርበት ዘፈን ደረሰ። ገበያው ተበትኗል፣ ከብቱ ሄዷል፣ ወንድሟን ያየ ሰው አልተገኘም። ከበሮ የለም፣ አንድ ክራር ብቻ ነው በቀስታ የሚሄደው። የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች፣ ቆንጆ ነበር። ሁለተኛው ላይ በጆሮ ማዳመጫዬ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ። ሦስተኛው ላይ ድምጿ ሟሸሸ፤ ልምምድ ላይ እንዲህ ሆና አታውቅም። ቅቤ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ግን ማይኩ ንጹሕ ነው፣ ሁሉንም እየሰማ ነው፤ እያነሰች ያለችው ራሷ ልጅቷ ናት።

ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ተተክሏል። ያየችውን አየሁ። ሼኹ ፊታቸውን ከመድረኩ መልሰው ወደ ቀኝ ዞረዋል። ከቁመታቸው የሚበልጠው ጥቁሩ ስፒከር አጠገባቸው ነው፤ የልጃቸው ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው፣ ዓይን የሌለው ሰው ደግሞ ወደ ድምፁ ይዞራል። አንገታቸውን አስግገው፣ ግንባራቸውን ሳጥኑ ላይ ሊያሳርፉ ምንም አልቀራቸውም። ከወንበራቸው ሆነው እንደዚያ ተጠግተው ነበር የሚሰሟት። ከመድረኩ ለሚያይ ግን ልጁን ላለማየት ፊቱን ያዞረ አባት ነው። ዓይናቸው እንደጠፋ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ያየችውን አመነች።

ስንት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ከየት ይግባ ስል ነው የከረምኩት። ከየት ይወጣል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ሄጄ ወንበራቸውን ላዞር አልችልም፣ ለእሷ ልነግራት አልችልም። ያለኝ ሚክሰሩ ብቻ ነው። የእሷ ማይክ የሚከፈትና የሚዘጋበትን መስመር ያዝኩና ቀስ እያልኩ ወደ ታች ሳብኩት፤ ክራሩንም አብሬ ሳብኩ። ማዳመጫዬን አወለቅኩ።

ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። "ድምፅ የለም እኮ" አለ አንዱ፤ አንገቶች እንደለመዱት ወደኔ ዞሩ። አዘጋጁ አጎንብሶ እየሮጠ መጥቶ "ጋሼ፣ ተበላሸ?" አለኝ። "አልተበላሸም" አልኩት። እጁን ወደ ሚክሰሩ ሲሰድ በክርኔ ያዝኩት። በሕይወቴ ከማንም ጋር እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ሼኹ ድምፁ ሲጠፋባቸው ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ትንሽ ወደ ግራ፣ መልሰው ወደ ቀኝ፤ አንድ ነገር ከእጁ የወደቀበት ሰው በመዳፉ መሬት እንደሚዳስሰው በጆሯቸው ፈለጉ። ከዚያ ዞሩ። ሙሉ በሙሉ ወደ መድረኩ ዞረው አገጫቸውን አነሱ፣ ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ አደረጉ። ልጅቷ አየቻቸው። ከኔ ዘንድ ፊቷ ብዙም አይለይም፣ ግን ትከሻዋ ሲወርድና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ስትመጣ አየሁ። ድምጿ ተነሳ። እስከ መሃል ወንበሮች ድረስ የሚደርስ ይመስለኛል፤ እኔ ጋ የሚመጣው ጥቂት ብቻ ነው። ትንፋሿን ሁሉ ሳዳምጥ የከረምኩት ሰውዬ ያን ዘፈን ከሁሉም ሰው ያነሰ ሰማሁት።

ማጉረምረሙ በረታ። የኋላው ረድፍ ላይ ያሉት መነሳት ጀመሩ። አዘጋጁ ጆሮዬ ሥር "ጋሼ በአላህ" ይላል። ሼኹ እጃቸውን ከምርኩዛቸው ላይ አንስተው ወደ ላይ ዘረጉ፣ ሰዉ ጸጥ አለ፣ ክራሩም ቆመ። ፊታቸውን ከልጃቸው ሳይመልሱ ተናገሩ፤ ያለ ምንም ማይክ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ እያንዳንዱ ቃል ደረሰ።

"እኔ ሰምቻታለሁ፤ ይሁን" አሉ። "አሁን ክፈቱላት፤ ኋላ ያለውም ሰው ይስማት።"

ጣቴ መስመሩ ላይ ነበር። ከፈትኩላት።